ከቈጠራ የሚወድቀው የድምፅ ወረቀት

በእንግሊዝ አገር ምርጫ ሲደረግ፣ መራጩ ባለማስተዋል ምልክቱን ከማይሻው ዕጩ ስም አንጻር አኑሮ ድንገት ልብ ቢል፣ ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ ሳይከት ለምርጫ ጣቢያው ሹም መልሶ በምትኩ ሌላ መቀበል ይችላል፤ ሹሙም የተበላሸውን እዚያው ሰርዞ ለብቻው ያኖረዋል እንጂ ቀዶ አይጥለውም፤ ለጣቢያው ከተሰጡት ወረቀቶች አንዲት እንኳ ብትጐድል ማታ ሒሳብ ሲተሳሰብ ጥያቄ ታስነሣለችና። የዚህኛው ወረቀት ነገር በዚህ ያበቃል።

ክርክር የሚበዛበት ግን ሳጥን ውስጥ ገብቶ በቈጠራ ጊዜ የሚያጠራጥረው ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ከሌላው ተለይቶ ይከማችና፣ የቈጠራው የበላይ ኃላፊ፣ ዕጩዎቹና ወኪሎቻቸው አንገታቸውን አስግገው እየተመለከቱ፣ አንድ በአንድ እያነሣ ይበይንበታል። ይፋዊ ምልክት የሌለበት፣ ከተፈቀደው ቍጥር በላይ ለሆኑ ዕጩዎች ድምፅ የተሰጠበት፣ የመራጩን ማንነት የሚገልጽ ጽሕፈት ያረፈበት፣ ባዶውን የቀረ ወይም ፈቃደ መራጩ የማይታወቅበት ወረቀት ውድቅ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ ጥልቅ ምክንያት ያለው ሦስተኛው ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የምሥጢር ድምፅ በሕግ እስኪጸና ድረስ መራጩ የመረጠውን በአደባባይ ስለሚናገር፣ ጭሰኛው ባለርስቱን ፈርቶ፣ ድኻውም ጉቦ ለሰጠው ታምኖ ይመርጥ ነበርና፤ ዛሬም ሰው ስሙን በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍ ቢፈቀድለት፣ ድምፅ የሚሸምት ሁሉ ደረሰኝ አገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ወረቀት ለመጣል አይቸኵልም። ምልክቱ ከቦታው ቢዛነፍ ወይም በመስቀለኛ ምልክት ፈንታ ሌላ ነገር ቢሠራ፣ የመራጩ ፈቃድ እስከ ታወቀ ድረስ ድምፁ ይቈጠራል። በ2015 በዌልስ፣ በሞንትጎመሪሸር፣ አንድ መራጭ ከአንድ ዕጩ ስም ትይዩ ባለችው ክፍት ቦታ፣ እዚህ ልንገልጸው የማይገባ የነውር ሥዕል ሥሎ ተገኘ፤ ሥዕሉም ከመስመሩ ሳይወጣ በመቅረቱ ለዚያው ዕጩ ድምፅ ሆኖ ተቈጠረለት። ይህን ለሕዝብ ያወራው ያሸነፈው ዕጩ ግሊን ዴቪስ ራሱ ነው፤ ሠዓሊው ግን ለምስጋና ብሎ እንዳልሣለው መገመት አያስቸግርም።

ኃላፊው በወደቀው ወረቀት ላይ «ውድቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ወኪል ብያኔውን ከተቃወመም ተቃውሞው እዚያው ይሰፍራል። ውድቆቹም በየምክንያታቸው ተቈጥረውና ታሽገው ዓመት ይጠበቃሉ፤ አቤቱታ ቢቀርብ ዳኛ ዓይቶ ይፈርድባቸው ዘንድ።

አቤቱታው የመጣው በ1997 ከዊንቸስተር ነው። ሊበራል ዴሞክራቱ ማርክ ኦተን ወግ አጥባቂውን ጄሪ ማሎንን በ2 ድምፅ ብቻ ሲበልጥ፣ ከ50 የሚበልጡ ወረቀቶች የጣቢያ ሠራተኞች ይፋዊውን ምልክት ሳያትሙባቸው በማደላቸው፣ በመራጮቹ አንዳች ጥፋት ሳይኖር፣ ውድቅ ሆነው ነበር፤ እነርሱ ቢቈጠሩ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ስለ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሻረው። በኅዳር ወር ምርጫው ሲደገም ኦተን በ21,556 ድምፅ ልዩነት አሸነፈ፤ በዚህ ጊዜ ውድቅ ወረቀት አንሥቶ የሚከራከር አልተገኘም።