የጠራ ውሃ፣ የጠቆረ ጥርስ፦ የስምጥ ሸለቆ የመጠጥ ውሃ ታሪክና ፍሎሮሲስ

የመጠጥ ውሃ በቤተ ሙከራ መመርመር ከመጀመሩ ከብዙ ዘመናት በፊት የውሃ ጥራት የሚለካው በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ ነበር። እንስራዋን ይዛ ውሃ የምትወርድ ሴት ከኩሬ ወንዝን፣ ከወንዝ ደግሞ ምንጭን ታስበልጣለች፤ ከብት ከሚጠጣበት በላይ ትቀዳለች፤ ልብስ የሚታጠበው ከታች ነው። ይህ ልማዳዊ ደረጃ አሰጣጥ የጀርም ምንነት ከመታወቁ በፊት የተበጀ ቢሆንም በአመዛኙ ትክክል ነበር። በአፈርና በድንጋይ ተጣርቶ ከአለት ሥር የሚፈልቅ ውሃ፣ ሰውና እንስሳ ከሚጋሩት ኩሬ ይልቅ የአንጀት ተስቦንም ሆነ የተቅማጥ በሽታዎችን የማስተላለፍ ዕድሉ ያነሰ ነውና። ይሁን እንጂ ሦስቱም የስሜት ሕዋሳት የማይደርሱበት አንድ ንጥረ ነገር አለ። በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሚገኝበት መጠን ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም፤ ሰውን የሚጎዳውም በቀናት ሳይሆን በዓመታት ነው። ይኸውም ፍሎራይድ ነው።

ፍሎራይድ በተፈጥሮ በአለት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ወደ ውሃ የሚገባውም አለቱ ሲሟሟ ነው። በደጋው አገር የሚዘንበው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ ከአለቱ ጋር ብዙም ሳይቆይ በምንጭነት ስለሚወጣ የፍሎራይድ መጠኑ አነስተኛ ነው። በስምጥ ሸለቆ ወለል ግን ሁኔታው የተለየ ነው። እዚያ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በእሳተ ገሞራ አመድና ፍሎራይድ በበዛባቸው የገሞራ አለቶች መካከል፣ ከምድር ውስጥ በሚወጣ ሙቀት እየታገዘ፣ ለረጅም ዘመን ይቆያል። በዚህ ላይ የውሃው ኬሚካላዊ ባሕርይ ይጨመራል። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል፤ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት እንጂ ካልሲየም ጥቂት በመሆኑ ፍሎራይዱ ሟምቶ ይቀራል። (ሳሙና ቶሎ ስለሚያረፋ የሚመሰገነው ውሃ ካልሲየም ያነሰው ውሃ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ለልብስ አጣቢዋ የተመቸ ውሃ ለልጇ ጥርስ የማይመች ሊሆን ይችላል።) የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሻላና በአብያታ ሐይቆች ውስጥ የሚገኘው መጠን በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም ያልፋል። ሐይቆቹን ማንም ስለማይጠጣቸው በቀጥታ ባይጎዱም ከወለሉ በታች ስላለው ነገር በቂ ምስክር ናቸው።

የሸለቆው ነዋሪዎች ለዘመናት ሲጠቀሙባቸው የኖሩት የውሃ ምንጮች በአብዛኛው የገጸ ምድር ውሃዎች ነበሩ፤ አዋሽን፣ መቂን፣ ቀታርንና ቡልቡላን የመሳሰሉ ወንዞች፣ በክረምት የሚሞሉ ኩሬዎች፣ ከተራራው ግርጌ የሚፈልቁ ምንጮች። እነዚህ ውሃዎች ዝናብ ከወረደ በኋላ በቶሎ የሚጓዙ በመሆናቸው የፍሎራይድ መጠናቸው ከጥልቅ ጉድጓዶቹ እጅግ ያነሰ ነው። ንጹሕ ግን አልነበሩም። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች ከእነርሱ ጋር አብረው ኖረዋል። ስለዚህ ዘመናዊ የውሃ አቅርቦት ወደ ሸለቆው ሲገባ የተነሳው ወንዝና ኩሬን ለመተካት ነው፤ ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም።

ይህ ለውጥ ጎልቶ የታየው ከአዳማ በስተደቡብ በሚገኘው በወንጂ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1951 ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር የሸንኮራ አገዳ እርሻ አቋቋመ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954፣ የሸዋ ፋብሪካ ደግሞ በ1962 ሥራ ጀመሩ። ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው በእርሻው መንደሮች ሰፈሩ። የአዋሽን ውሃ እንደወረደ መጠጣት በሽታን መጋበዝ ስለነበር ለመንደሮቹ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የጉድጓዶቹ ውሃ የጠራ፣ ከጀርምም የጸዳ ነበር፤ ዳሩ ግን በአንዳንዶቹ በሊትር 10 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ፍሎራይድ ይገኝባቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በቀን 2 ሊትር ያህል የሚጠጣን አዋቂ ታሳቢ ያደረገ ነው። በቆላ ፀሐይ አገዳ ሲቆርጥ የሚውል ሠራተኛ 5 ሊትር ቢጠጣ ከዚህ ውሃ በአንድ ቀን 50 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ወደ ሰውነቱ ይገባል ማለት ነው።

በጥርስ መበለዝና በውሃ መካከል ያለው ግንኙነት በዓለም ሕክምና ዘንድ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1901 ኢገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጣልያን ኔፕልስ አካባቢ በሚመጡ ስደተኞች ላይ የጠቆረና የተጎረበጠ ጥርስ ማየቱን ጽፏል፤ ኔፕልስም እንደ ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ናት። በዚያው ዓመት ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር የተወላጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው፤ ሠላሳ ዓመታትም ምክንያቱን ሲፈልግ ኖረ። ምስጢሩ የተፈታው በአርካንሶ ግዛት በምትገኘው ቦክሳይት በተባለች የማዕድን ከተማ ነው። ከተማዋ በ1909 ከቅርብ ጉድጓዶች ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ስትሸጋገር ከዚያ በኋላ ያደጉት ልጆች ጥርስ በለዘ፤ ቀደም ብለው ያደጉት ግን ነጭ ጥርስ እንደያዙ ቀሩ። በ1931 ቸርችል የተባለ ኬሚስት የጉድጓዱን ውሃ መርምሮ በሊትር 13.7 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አገኘበት። የወንጂ ጉድጓዶች በሚቆፈሩበት ጊዜ ይህ ዕውቀት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ያም ሆኖ የጉድጓድ ውሃ ሲመረመር በቅድሚያ የሚታሰበው የጀርም ጉዳይ ነበር። ባንግላዴሽም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቧን ከኩሬ ውሃ ለማላቀቅ እጅግ በርካታ ጉድጓዶችን አስቆፍራ፣ በ1993 በውሃው ውስጥ አርሴኒክ መኖሩ ተደርሶበታል።

ፍሎራይድ ከጨጓራና ከአንጀት በቶሎ ወደ ደም ይገባል። በአዋቂዎች ግማሽ ያህሉ በኩላሊት ሲወገድ የተቀረው ወደ አጥንት ይሄዳል፤ በሕፃናት ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ከዚህም ይበልጣል። በጥርስ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት፣ በድድ ሥር በሚገነባበት ጊዜ ነው። ኢናሜል የተባለውን ጠንካራ የጥርስ ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳት ፍሎራይድ ሲበዛባቸው ሽፋኑን አጥብቀው ሊሠሩት አይችሉም። ጥርሱ ሲወጣ ኖራ የመሰለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያም ቀዳዳ የበዛበት ሽፋን ከምግብና ከመጠጥ ቀለም እየመጠጠ ይበልዛል፣ ብሎም ይቦረቦራል። ከመንጋጋው የመጨረሻ ጥርስ በቀር የቋሚ ጥርሶች ኢናሜል ተሠርቶ የሚያበቃው በስምንት ዓመት ገደማ ነው። ከዚህ ዕድሜ በኋላ ወደ ሸለቆው የገባ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። ስለሆነም ነጭ ጥርስ ያለው ታማሚ የአጥንት ፍሎሮሲስ ሊይዘው አይችልም ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ከደጋ መጥቶ በቆላ እርሻ አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ጥርሱ ነጭ፣ አከርካሪው ግን የደረቀ ሊሆን ይችላልና።

የአጥንት ፍሎሮሲስ በአብዛኛው ከአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይታ በኋላ የሚገለጥ ነው። መጀመሪያ የወገብና የአንገት ሕመም፣ ጠዋት ጠዋትም መደንዘዝ ይሰማል፤ ታማሚው ቁርጥማት ብሎ ያልፈዋል፣ ሐኪሙም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ያልፈዋል። በራጅ ሲታይ የአከርካሪና የዳሌ አጥንቶች ከልክ በላይ ነጥተውና ጠጥረው ይገኛሉ። በክንድ ሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ስስ ሽፋን ወደ አጥንትነት መለወጡ ከሌሎች በሽታዎች ለመለየት እጅግ የሚረዳ ምልክት ነው። በሽታው ሲጠና ጅማቶች ወደ አጥንትነት ተለውጠው ጀርባ ይጎብጣል፣ ጉልበትና ዳሌ አይዘረጉም፤ የጠበበው የአከርካሪ ቦይም ህብለ ሰረሰርን ይጫናል። በወንጂና በአካባቢው ይህን መልክ በስፋት ካጠኑት መካከል ግንባር ቀደሙ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩትና ከተመረመሩት ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ ምልክት እንደነበረባቸው አመልክተዋል።

እኚሁ ምሁር በጓያ ምክንያት የሚመጣውን የእግር ሽባነትም ያጠኑ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ከሚበላና ከሚጠጣ ነገር የሚመነጩ፣ ሁለቱም እግርን የሚያደርቁ ናቸው። ለመለየት ግን አያስቸግሩም። የጓያ ሽባነት በአጭር ጊዜ የሚደርስ፣ እግርን ብቻ የሚይዝና የስሜት ማጣት የማያስከትል ሲሆን፣ አጥንትን አይነካም፤ የፍሎሮሲሱ ግን በዝግታ የሚመጣ፣ በሕመም የሚጀምር፣ እጅንም የሚያዳክምና የመደንዘዝ ስሜት ያለው ነው። ይልቁንም ፍሎሮሲስ በብዛት የሚምታታው ከአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ጋር ነው። ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለነቀርሳ መድኃኒት ተጀምሮለት ለወራት ምንም ለውጥ ያላገኘ የሸለቆ ነዋሪ ቢያጋጥም ይህ ሊታሰብ ይገባል።

የምግብና የመጠጥ አዘገጃጀት በዚህ ጉዳይ ያለው ድርሻ ሰፊ ነው። የጤና ትምህርት ለብዙ ዓመታት «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ሲል ኖሯል፤ ለጀርም ትክክለኛ ምክር ነው። ፍሎራይድ ግን በመፍላት አይተንም። በሊትር 4 ሚሊ ግራም ያለበት 3 ሊትር ውሃ ፈልቶ ወደ 2 ሊትር ሲወርድ መጠኑ በሊትር 6 ሚሊ ግራም ይሆናል። በጀበና ደጋግሞ የሚፈላ ቡና፣ ለሰዓታት የሚንተከተክ ወጥና ንፍሮ የውሃውን ፍሎራይድ በውስጣቸው ያስቀራሉ። የሻይ ተክል ደግሞ በተፈጥሮው ከአፈር ፍሎራይድ የሚሰበስብ በመሆኑ ሻይ ቅጠሉ ራሱ የውሃውን መጠን ይጨምራል። ጠላ ሲጠመቅ ኮምጣጣነቱና አልኮሉ አንዳንድ ጀርሞችን ቢያዳክሙም በጋኑ ውስጥ የገባውን ፍሎራይድ አይነኩም። እንጀራም ከዚሁ ውሃ ይቦካል። በሌላ በኩል የወተት ካልሲየም ፍሎራይድ ከአንጀት እንዳይሰርግ በመጠኑ ይከላከላል። ከሁሉ በላይ ግን የእናት ጡት ወተት፣ እናቲቱ ብዙ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ የምትጠጣ ብትሆንም እንኳ፣ የሚይዘው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው። አደጋው ለሕፃኑ የሚጀምረው ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር፣ አጥሚቱ በጉድጓድ ውሃ ሲሠራ ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ይበልጥ የሚጎዱትም በሁለተኛውና በሦስተኛው የዕድሜ ዓመት ነው።

ፍሎራይድን ከውሃ ለመቀነስ የተሞከሩ ዘዴዎች ጥቂት አይደሉም። በሕንድ በ1970ዎቹ የተቀየሰውና ናልጎንዳ በተባለው ወረዳ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉምና ኖራ ውሃው ውስጥ ጨምሮ በማማሰል ፍሎራይዱን ማዝቀጥ ነው፤ በርካሽ ይሠራል፣ ነገር ግን በየቀኑ መጠኑን ጠብቆ የሚጨምር ሰው ይፈልጋል። የአጥንት ከሰልም ፍሎራይድን በሚገባ ይይዛል፤ ሆኖም የከብት አጥንት ያለፈበትን ውሃ ለመጠጣት የሚጸየፉ ወይም ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው አሉ። ሁሉም ማጣሪያዎች የሚጋሩት ችግር ሲሞሉ አለመታወቃቸው ነው። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ማጣሪያው መሥራቱን ካቆመ በኋላም እንደወትሮው የጠራ ሆኖ ይቀጥላል።

ስለዚህ የውሃውን ምንጭ መለወጥ ከማጣሪያ ይመረጣል። በአይዳሆ ግዛት የምትገኘው ኦክሌ የተባለች ትንሽ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ነዋሪዎቿ ከአንድ ሞቃት ምንጭ በቧንቧ የሳቡት ውሃ የልጆቻቸውን ጥርስ ማበለዙን ከማኬይ ተረድተው በ1925 ምንጩን ትተው ወደ ሌላ ምንጭ ዞሩ፤ ከዚያ በኋላ ያደጉት ልጆች ጥርስ ነጭ ሆኖ ወጣ። በስምጥ ሸለቆም ከተራራው ግርጌ የሚፈልቅን ምንጭ በቧንቧ ማውረድ፣ ወይም የወንዝ ውሃን አጣርቶና በክሎሪን አክሞ ማቅረብ ይቻላል። ያ እስኪደርስ ድረስ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ይህንኑ አክሞ ወይም አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። የቤተሰቡን ፍጆታ በሙሉ ከዝናብ መሸፈን ባይቻል እንኳ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጠጥና ምግብ ማብሰያ የሚሆነውን ጥቂት ሊትር በተለየ ጀሪካን ማስቀመጥ አያዳግትም። ለገላና ለልብስ የጉድጓዱ ወይም የቦኖው ውሃ ምንም ጉዳት የለውም፤ ፍሎራይድ በቆዳ ገብቶ ይህን በሽታ አያስከትልም።

ለአዋቂ ታማሚ የሚሰጠው ተስፋ ከዚህ ያነሰ ነው። ውሃውን ሲለውጥ በአጥንቱ የተከማቸው ፍሎራይድ በብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሕመሙም ሊቀንስለት ይችላል። አጥንት የሆነ ጅማት ግን ተመልሶ አይለሰልስም፤ የተጫነ ህብለ ሰረሰር ካለም የሚጠቅመው በጊዜ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ነው። ወገቤን ቆረጠኝ እያለ የሚመጣውን የሸለቆ ነዋሪ ዛሬ የት እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት የየትኛውን ጉድጓድ ውሃ እንደጠጣ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።