የካርቲየ 3 አይስ ክሬምና የኤሌክትሪክ ነገር

በጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የሙቀቱ ልክ ብዙ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚባለውም ትኩስ ነፋስ አሸዋ አዝሎ ይነፍሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የካርቲየ 3 ሕዝብ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዚያን ሰዓት ወደ ለስላሳ አይስ ክሬም መሸጫ የሄደ ሰው ተራ መጠበቁ አይቀርም። ሻጩ የመሣሪያውን እጀታ ሲስበው ነጩ ክሬም እየተጠማዘዘ ወደ ኮኖው ይወርዳል፤ ገዢውም ፈጥኖ ይልሰዋል፤ በዚህ አገር አይስ ክሬም ይዞ ቆሞ መጨዋወት አይቻልምና።

የዚህ ንግድ ታሪክ ረጅም አይደለም። ቶም ካርቬል የተባለ አሜሪካዊ በ1934 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በኒውዮርክ ግዛት ሃርትስዴል በተባለች ስፍራ የመኪናው ጎማ ፈንድቶበት ቆመ። የጫነው አይስ ክሬም መቅለጥ ስለ ጀመረ ከሚደፋ ይሻላል ብሎ ለአላፊ አግዳሚው ቢሸጠው፣ ሰዎቹ ለስላሳውን ወደዱት ይባላል። በ1940 ደግሞ ዴሪ ኩዊን የመጀመሪያውን ሱቅ በኢሊኖይ፣ በጆሊየት ከተማ ከፈተ።

ለካርቬል መቅለጡ ሲሳይ ሆነለት፤ ለካርቲየ 3 ነጋዴ ግን ኪሳራ ነው። ጠጣሩ አይስ ክሬም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል። ለስላሳው ግን ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ አየር እየገባበት፣ ገዢው ፊት የሚሠራ ስለ ሆነ መጋዘን አያውቅም። (አየሩ ሲበዛ ግን ሻጩ ነፋስ ሸጦ ገንዘብ ይቀበላል ማለት ነው።) ኤሌክትሪክ ለብዙ ሰዓት የተቋረጠ እንደ ሆነ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ወተት ይሞቃል፤ ተሐዋስያንም ይራቡበታል። መብራት ሲመለስ እንደ ገና ማቀዝቀዝ አያድነውም፤ ብርድ ተሐዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልምና። ሐቀኛው ነጋዴ ይደፋዋል፤ ሌላው ግን ይሸጠዋል፤ የሚታመመውም ብዙውን ጊዜ ሕፃን ነው። የጤና ተቆጣጣሪ ሊጠይቅ የሚገባው እንግዲህ የሱቁን ቀለም ሳይሆን፣ ትናንት መብራት በጠፋ ጊዜ ወተቱ የት እንደ ደረሰ ነው።

ጅቡቲ ቀድሞ ኤሌክትሪክ የምታገኘው በነዳጅ ከሚሠሩ ሞተሮች ነበር። በ2011 ከድሬዳዋ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር ሥራ ሲጀምር የኢትዮጵያ ወንዞች ኃይል ወደ ወደቡ ወረደ። በ2023 ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመረቀ፤ በከተማው ሰውን የሚያስመርረው ነፋስ በዚያ ሠራተኛ ሆኖአል። ከ2017 ወዲህም ውሃ ከኢትዮጵያ በቧንቧ ይመጣል።

ማታ ገዢው ሲያልቅ ሻጩ መሣሪያውን ይፈታል፤ ቱቦውንና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያጥባል። ይህ ሥራ ከሽያጩ ይልቅ ያደክማል፤ የሚያየውም የለም። የወተቱ ዱቄት በመርከብ መጥቶአል፤ የሚታጠብበት ውሃ ከሐዳጋላ፣ ለነገ የሚያቀዘቅዘውም ኃይል ከፊሉ ከደጋ ይመጣል።