ስድስት ወር የተፈረደበት ወንጀል

በጥር ወር 2015 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሌሊት፣ በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በብስክሌት የሚያልፉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ አንድ ወጣት ራሷን በሳተች ሴት ላይ ተጭኖ አዩ። ሲጮኹበት ሮጠ፤ አሳድደው ያዙት።

ወጣቱ የዩኒቨርሲቲው ዋናተኛ ነበር። በ2016 በሦስት የወሲብ ጥቃት ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ሕጉ እስከ 14 ዓመት እስራት ይፈቅድ ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው 6 ዓመት ነበር። ዳኛ አሮን ፐርስኪ የፈረዱት ግን 6 ወር ነው። ረጅም እስር ወጣቱን ክፉኛ ይጎዳዋል ብለው ነበር። እሱም በ3 ወሩ ወጣ።

በተጎጂዋ ላይ የደረሰው ጉዳትስ? ይህን እሷው ራሷ ችሎት ፊት ቆማ ባነበበችው ረጅም ጽሑፍ ዘርዝራዋለች። ጽሑፉ ሲታተም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አነበቡት።

ቁጣው ሕግ ቀየረ። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ራሱን በሳተ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጥቃት የፈጸመ በገደብ እንዳይለቀቅ ከለከለች። በ2018 ደግሞ መራጮች ፐርስኪን በድምፃቸው ከወንበራቸው አነሱ። ይህን የተቃወሙ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆችም ነበሩ፤ የሕዝብ ቁጣ የሚፈራ ዳኛ በትሩን የሚያሳርፈው በድሆችና በጥቁር ተከሳሾች ላይ ነው ብለው። ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ርኅራኄው ግን ለዋናተኛው ብቻ መድረሱ ፍትሕ አልነበረም።

በመዝገብ «ኤሚሊ ዶ» ትባል የነበረችው ተጎጂዋ ሻኔል ሚለር በ2019 እውነተኛ ስሟን ገልጻ ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች።