በዳዩን ወፍ ካልበደለው ለይቶ ማወቅ

ፍርድ የሚቀናው በዳዩ ካልበደለው ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ይህም ደንብ በሰውና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን፤ በገበሬና በዱር አዕዋፍ መካከል ደግሞ የሚሠራ ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ፤ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፤ እንዲሁም በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ አውራጃ የሚበዛው እህል ማሽላ ነው። ማሽላው ባሸተ ጊዜ ወፍ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ይቆማል፤ የድካሙን ፍሬ ከሚበሉበትም አንዱ ራሱ ጥቁር ገላው ቢጫ የሆነው ጎጆ ሠሪ ወፍ ነው። ነገር ግን ይህን መልክ የለበሰ ሌላ ወፍ በደጋው ዛፍ ላይ አለና፤ ጠባቂው ሁለቱን ካልለየ ለአንዱ ጥፋት ሌላው ይቀጣል።

ሁለተኛው ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በ1789 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግሜሊን የተባለው የጀርመን ሊቅ በላቲን ቋንቋ ሞናካ፤ ማለት መነኵሲት ብሎ ሰየመው። ጥቁሩ ራሱና ጕሮሮው የመነኵሲት ቆብ ይመስላልና ስሙ ለመልኩ የተገባ ነው። በ1899 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ደግሞ ዌልድ ብለንደልና ሎርድ ሎቫት የተባሉ እንግሊዞች የዚህኑ ወፍ አንዱን ዘር በዳግማዊ ምኒልክ ስም ጠሩት።

ሁለቱን ለመለየት አስቀድሞ አፉን መመልከት ይገባል። የጎጆ ሠሪው አፍ አጭርና ወፍራም፤ ጥሬ ለመፈልፈል የተመቸ ነው፤ የመነኵሲቱ ግን ረዘም ያለና ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ሁለተኛ ጠባያቸውን ማየት ነው። ጎጆ ሠሪዎች በአንድ ዛፍ ላይ ብዙ ሆነው እየተንጫጩ፤ በሩ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ያንጠለጥላሉ፤ መነኵሲቱ ግን ብቻዋን ወይም ከጓደኛዋ ጋራ በዛፍ ጫፍ በቅጠል ተሸሽጋ ትኖራለች። ሦስተኛው ምልክት ድምፅዋ ነው፤ እንደ ዋሽንት ጥርት ብሎ የሚፈስ ስለ ሆነ፤ ዓይን ያላገኛትን ጆሮ ያገኛታል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ዝቅ ባለው አገር እርስዋን የሚመስል ዘመድ አላት። ነገር ግን የዚያ የክንፉ ላባ ጠርዝ ነጣ ያለ ሲሆን የርስዋ ግራጫ ነው።

ምግብዋም የዛፍ ፍሬና ትል ነው እንጂ ማሽላ አይደለም። ስለዚህ ወንጭፍ በርስዋ ላይ የተነሣ እንደ ሆነ፤ ገበሬው ቅጠል የሚበላውን ትል የምትለቅምለትን ረዳቱን ገደለ ማለት ነው።

ከወንጭፉም የባሰ መጥረቢያው ነው። የጨርጨር ደጋ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለእርሻ ተቈርጧል፤ በብዙ ስፍራም ጫት ተተክሎበታል። በ2004 ዓ.ም. የአሰቦት ገዳም ደን በእሳት መቃጠሉም አይዘነጋም። ጎጆ ሠሪው በከተማ ዛፍ ላይም ይራባል፤ መነኵሲቱ ግን ያለ ትልልቅ ዛፍ ልትኖር አትችልም።

እንግዲህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ዛፍ ሥር ወስደው እነዚህን ምልክቶች ቢያሳዩአቸው፤ ወላጆችም ማሽላ የሚጠብቁ ልጆቻቸውን ቢያስተምሩ፤ ወጪ የሌለው ትልቅ ሥራ ነው። ለይቶ የሚያውቅ እጅ ድንጋዩን በስፍራው ይወረውራል፤ የማይገባውንም ይተዋል።