ውሃና ግንብ፦ በካምፓላ ኮረብታዎች ላይ ቤትን ስለ መጠበቅ



ካምፓላ በሰባት ኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት ይባላል። ዛሬ ግን ከሰባቱ አልፋ በብዙ ኮረብታዎች ላይ ተዘርግታለች፤ በመካከላቸው ያሉት ሸለቆዎችም እንደ ናኪቩቦና ሉቢጊ ያሉ ረግረጎች ናቸው። እኛም በካባላጋላ፣ በካንሳንጋ ወይም በሌላ ሰፈር ብንኖር፣ አብዛኞቻችን የምናድረው በተዳፋት ላይ ወይም በተዳፋት ሥር በተሠራ የጡብ ቤት ውስጥ ነው።

የዝናብ ወቅት በገባ ቁጥር ወላጆች ስለ ተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ስለ ዘመመ አጥር፣ ስለ ረጠበ የልጆች መኝታ ክፍል ሲነጋገሩ እንሰማለን። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ ተመልሶ ይከፈታል። ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ ባለበት የሚቀረው ምክንያቱ ሳይነካ ምልክቱ ብቻ ስለሚሸፈን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ነገር አጭር ነው፤ በኮረብታ ላይ ግንብን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ ጥገናም መጀመር ያለበት ከውሃው ነው። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለወንዝ ቢሆንም ለቤትም ይሠራል።

የዝናቡ ሒሳብ

ካምፓላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ጥቂት ራቅ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዋና ዋናዎቹ የዝናብ ወቅቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከማርች እስከ ሜይ፣ ሌላው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር። በዓመት የሚወርደው ዝናብ በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ተማሪዎች ይህን ቁጥር ወደ ቤታችሁ አምጡት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ በዓመት 120,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከዚያው ጣሪያ 5,000 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ወይም በቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከግድግዳው እግር ሥር፣ ማለትም በመሠረቱ ላይ ነው። ከላይ ካለው ጎረቤት ግቢ የሚመጣው ጎርፍ ገና አልተቆጠረም።

በተዳፋት ላይ ቤት ሲሠራ ደግሞ መሬቱ ከላይ በኩል ተቆርጦ ከታች በኩል በአፈር ይሞላል። እንዲህ ሲሆን የቤቱ ግማሽ በጠንካራው ነባር መሬት ላይ፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ በስስ በስሱ እየተነጠፈ በደንብ ካልተጠቀጠቀ፣ ውሃ ሲገባበት ይሰምጣል፤ ነባሩ መሬት ግን አይንቀሳቀስም። ቤቱም በመካከል ይሰነጠቃል። በሙሌት ላይ የሚቆም መሠረት ሙሌቱን አልፎ እስከ ነባሩ መሬት እንዲወርድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደጋፊ ግንብ ለምን ይወድቃል?

ከቤት ጀርባ አፈር ለመያዝ የሚሠራው ደጋፊ ግንብ ከሁሉም አደገኛው ነው። ከጀርባው ያለው አፈር ሲደርቅ በመጠኑ ይገፋዋል። ውሃ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም ግን ግፊቱ በብዙ ይጨምራል። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጀርባው እስከ ላይ ውሃ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ የ500 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋዋል። ከፍታው 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ 1,000 አይሆንም፤ 2,000 ይሆናል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ያድጋልና። ስለዚህ 2 ሜትር ከፍታና 10 ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ 20 ቶን ሊሸከም ነው ማለት ነው። በአንድ ረድፍ ጡብ የተሠራ አጥር ይህን ሊችል አይችልም።

የዚህ መፍትሔ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልድ፣ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየያዘ ኖሯል። እርከኖቹ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ ይደርሳሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ግንቡ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ በመሆኑ አፈሩን ሲይዝ ትርፍ ውሃው ግን በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ከጀርባው የሚጠራቀም ውሃ ከሌለ ግፊቱም ይቀንሳል።

በሲሚንቶ የሚገነባ ግንብ ይህን መንገድ ስለሚዘጋ፣ መውጫው ታስቦ መሠራት አለበት። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላል፤ በግንቡ የታችኛው ክፍልም በየአንድ ሜትር ተኩል ወይም በየሁለት ሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ ይቀመጣል፤ ከላይ ደግሞ ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈራል። በዝናብ ጊዜ ቱቦዎቹ ውሃ እያወጡ ከሆነ ግንቡ ሥራውን እየሠራ ነው። ደርቀው ግንቡ ብቻ ከረጠበ ግን ተደፍነዋል ማለት ነው፤ ሳይውል ሳያድር መጠረግ አለባቸው።

ስንጥቅን ማንበብ

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በልስኑ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ቀጭን ስንጥቅ ልስኑ ቶሎ በመድረቁ የመጣ ነው፤ ቤቱን አያሰጋም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው የአርማታ ማሰሪያ እንደሌለ ወይም እንዳጠረ ያመለክታል። የጡቡን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ፣ በአንድ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ መሠረቱ በአንድ በኩል እየሰመጠ መሆኑን ይናገራል። አፈር ከጀርባው ባለበት ግድግዳ ላይ በአግድም የሚሄድና ግድግዳውን ወደ ውስጥ የሚያሳብጥ ስንጥቅ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በዚያ ግድግዳ ሥር የልጅ አልጋ ካለ በዚያው ቀን መነሣት አለበት፤ መሐንዲስም መጠራት አለበት። እርሳስ የሚያስገባ ስፋት ያለው ስንጥቅም እንዲሁ ባለሙያ የሚያስፈልገው ነው።

ለሌሎቹ ግን ትዕግሥት ይጠቅማል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከጎኑም ቀኑን ጻፉ። በየወሩ ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። ሁለቱ የዝናብ ወቅቶች አልፈው ካላደገ ቆሟል ማለት ነው፤ መሙላት ይቻላል። ካደገ ግን ምክንያቱ ገና አለ፤ የሚደፈንበት ሲሚንቶም ይባክናል።

ከግድግዳው እግር እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣ እርጥበትና ነጭ ጨው ደግሞ ከመሬት የሚሳብ ውሃ ምልክት ነው። ጡብ ውሃን እንደ ጨርቅ ይስባል። ይህን የሚያግደው ከመሠረቱ በላይ የሚነጠፈው የእርጥበት መከላከያ ነው። ብዙ ጊዜ መከላከያው እያለ ግቢው በአፈር ወይም በንጣፍ ከፍ ተደርጎ ይሸፈናል፤ ያን ጊዜ ውሃው ከላዩ ያልፋል። ቀለም ከመግዛት በፊት የውጭውን አፈር ከመከላከያው በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ርካሹና ትክክለኛው ጥገና ነው።

ጡብ፣ ሲሚንቶና ኖራ

ጥሩ ጡብ በደንብ ከተሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። በናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ የምናየው የጡብ ካቴድራል ከእርሱ በፊት የነበረው እ.ኤ.አ. በ1910 በመብረቅ ከተቃጠለ በኋላ ተሠርቶ በ1919 የተጠናቀቀ ነው። ካጃንሲ ያለው የዩጋንዳ ክሌይስ ፋብሪካም ከ1950 ጀምሮ የሸክላ ውጤቶችን ያመርታል። በየመንደሩ በእንጨት የሚተኮሰው ጡብ ግን ደረጃው ይለያያል፤ በክምሩ መካከል ያለው በደንብ ሲበስል፣ በዳር ያለው ጥሬ ሊቀር ይችላል። ሁለት ጡብ ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ በስለዋል። ውሃ ውስጥ አድሮ የሚፈረፈር ጡብ ለግድግዳ አይሆንም።

ጠንካራ ሲሚንቶ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ማያያዣው ከጡቡ በላይ ከጠነከረ፣ እርጥበቱ በመጋጠሚያው ከመውጣት ይልቅ በጡቡ በኩል ይወጣና ጡቡን ይፈረፍረዋል። የጎንደር የፋሲል ግቢ ታሪክ ይህን ያስተምራል። ቤተ መንግሥቶቹ የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ፤ ጥገናው ጉዳት በማምጣቱ በኋላ ሲሚንቶውን አንሥቶ በኖራ የመተካት ሥራ ተሠርቷል። ለተለመደው የጡብ ግድግዳ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአምስት እጅ አሸዋ በቂ ነው፤ ለአሮጌና ለስላሳ ጡብ ኖራ ቢጨመርበት ይሻላል።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም፤ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው። የካምፓላ የቀትር ፀሐይ ውሃውን ቀድማ ከወሰደችበት ደካማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጡቡ ከመደርደሩ በፊት ውሃ ይጠጣል፤ የተቦካው ሲሚንቶ መያዝ ከጀመረ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት እንደገና አይቦካም፤ የተሠራው ግድግዳም ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ይህ ከውሃ በቀር ሌላ ወጪ የለውም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2016 በቪክቶሪያ ሐይቅ ማዶ፣ በታንዛኒያ ቡኮባ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዎችን ገድሎ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል፤ ንዝረቱም እስከ ዩጋንዳ ተሰምቷል። አዲስ የሚሠራ ሰው ግድግዳዎቹን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረውን የአርማታ ታይ ቢም ወጪ ለመቆጠብ ብሎ መተው የለበትም።

ከየት እንጀምር?

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት። መጀመሪያ አሸንዳውንና ቦዩን ጥረጉ፤ ውሃውን ከግድግዳው አርቁ። ቀጥሎ ስንጥቁን ምልክት አድርጋችሁ ተከታተሉ። በመጨረሻም ጠግኑ፤ ከዚያ በኋላ ቀለም ቀቡ። ፉንዲ ስትጠሩ "ስንት ትደፍነዋለህ?" ከማለት በፊት "ከምን የመጣ ይመስልሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ የሚመጣ፣ በቤቱ ዙሪያ ተዘዋውሮ ሳያይ ዋጋ የማይናገር ግንበኛ ክፍያው ይገባዋል። አዲስ ግንብ ለማሠራት ደግሞ የካምፓላ ከተማ አስተዳደር ፈቃድ አስቀድሞ መወሰድ አለበት።

አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን። ተከራይም ቢሆን የልጆቹ ደኅንነት የራሱ ነው። ስንጥቁን ከነማስመሪያው ፎቶግራፍ አንሥታችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ለአከራያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። በቃል ከሚነገር አቤቱታ ይልቅ መለኪያ ያለው ማስረጃ ይሰማል።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ የቤት ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ዝናብ ከመስኮት ሆናችሁ ውሃው ከጣሪያው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ፤ ሲያባራም ከወላጆቻችሁ ጋር ቤታችሁን ዙሩ። ውሃው የቆመበትን ቦታ በወረቀት ላይ ሥላችሁ ለሒሳብ ወይም ለሳይንስ መምህራችሁ አምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዛሬ በአካፋ የሚስተካከለው ነገ በመሐንዲስም ላይስተካከል ይችላል።