ሁለተኛው ሥራ፦ የሰሜን ስዊድን ከተሞች ፈተና

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2025 የባትሪ አምራቹ ኖርዝቮልት በስዊድን ለኪሳራ ሲያመለክት፣ ድንጋጤው የበረታው ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ወረድ ብላ በምትገኘው ሼሌፍቴዮ ነው። የኩባንያው ዋና ፋብሪካ እዚያ ነበር፤ ሠራተኞቹም ከመቶ በላይ የሚሆኑ አገሮች ዜጎች ነበሩ። ከሌላ አህጉር ቤተሰባቸውን ይዘው ለመጡት ሥራ ማጣት የመኖሪያ ፈቃድንም ሊያሳጣ የሚችል ጉዳይ ሆነ። ጥያቄው ግን ከኩባንያው ዕድሜ በላይ የቆየ ነው፤ ለሥራ ወደ ሩቅ ሰሜን የመጣ ሰው እንዴት ነዋሪ ይሆናል?

ሰው የሚሄድበት አገር

ሰሜን ስዊድን ማዕድን፣ ደንና የውኃ ኃይል አለው። ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ሲሄድበት ኖሯል። በ1960ዎቹ የደን ሥራ በማሽን ሲተካና አነስተኛ እርሻ ሲዳከም፣ መንግሥት ራሱ ሥራ ፈላጊዎች ወደ ደቡብ ፋብሪካዎች እንዲሄዱ የጉዞና የመቋቋሚያ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ወጣቱ ሄደ፤ የቀረው ሕዝብ አረጀ።

ይህ በማዘጋጃ ቤቶች ላይ ከባድ ጫና አሳደረ። በስዊድን የማዘጋጃ ቤት ዋና ገቢ እዚያ የተመዘገበ ነዋሪ ከደመወዙ የሚከፍለው ግብር ነው፤ ትምህርት ቤቱም የአረጋውያን እንክብካቤውም በዚሁ ይተዳደራል። መንግሥት የማመጣጠኛ ድጎማ ቢሰጥም፣ ሠራተኛ የሆነ ሰው መሄዱ የከተማዋን ካዝና ያጎድላል።

በ2015 ወደ 163,000 የሚጠጉ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከሶሪያ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከኢራቅ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሌሎችም አገሮች ስዊድን ሲገቡ፣ ባዶ ቤት የነበራቸው የሰሜን ከተሞች ብዙዎቹን ተቀበሉ። በ2016 የወጣ ሕግም ፈቃድ ያገኙ ስደተኞች የሚደለደሉበትን ማዘጋጃ ቤት እንዲቀበላቸው አስገደደ። ግዴታው ግን የማዘጋጃ ቤቱ እንጂ የስደተኛው አይደለም። ዘመድና ሥራ ያለው ስቶክሆልም ወይም ማልሞ ነው ያለ ሰው ጓዙን ሸክፎ ወረደ።

ፋብሪካው ያመጣው ሰው

ኖርዝቮልት ሼሌፍቴዮን የመረጠው ርካሽና ከካርቦን የጸዳ የወንዝ ኃይል ስላላት ነው። የመጀመሪያው የባትሪ ሴል በዲሴምበር 2021 ተመረተ። በዚያው ዓመት ከተማዋ ሳራ የተባለውን ባለ 20 ፎቅ የእንጨት የባህል ማዕከልና ሆቴል ከፈተች፤ በ2030 የነዋሪዎቿን ቁጥር 90,000 ለማድረስም አቀደች። ከአካባቢው ደን በተገኘ እንጨት መገንባትና በወንዝ ኃይል ማምረት፣ የዘላቂ ከተማ ምሳሌ ተብሎ በየአገሩ ተወራ።

ሰውን የማቆየቱ ነገር ግን ደካማ መሠረት ላይ ቆሞ ነበር። በስዊድን የሥራ ፈቃድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከአንድ አሠሪና ከአንድ ሙያ ጋር የታሰረ ነበር። ሥራው ሲቋረጥ ሌላ አሠሪ ለማግኘት የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ለሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ወርሃዊ ደመወዝ ከ13,000 ወደ 27,360 ክሮና ከፍ አለ። ስለዚህ ከተማዋ የአረጋውያን ተንከባካቢ ቢያስፈልጋትም፣ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ዝቅተኛ ደመወዝ ባለው ወይም በግማሽ ቀን ሥራ ፈቃዱን ሊያድስ አይችልም። ቋንቋም አለ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለነበር፣ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ስዊድንኛ የሚለማመድበት ዕድል ጠባብ ነበር። ያለ ስዊድንኛ ደግሞ በትምህርት ቤትም ሆነ በእንክብካቤ ቤት መቀጠር ይከብዳል።

በሰሜን ጫፍ ያለችው የማዕድን ከተማ ኪሩና ሌላ ችግር ታሳያለች። ለፈረቃ በአውሮፕላን መጥቶ የሚመለስ ሠራተኛ ግብሩን የሚከፍለው በተመዘገበበት ከተማ ነው፤ ኪሩና መንገዱንና አገልግሎቱን ታቀርባለች፣ ገቢው ግን ሌላ ቦታ ይቀራል። በዚህ ላይ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚ አጋዘን አርቢዎች ማዕድኑ፣ የነፋስ ተርባይኑና የኤሌክትሪክ መስመሩ የግጦሽ መሬታቸውን እየቆራረጠ መሆኑን ይናገራሉ፤ ለእነሱ አረንጓዴ የተባለው ልማት የቆየው የመሬት ሽሚያ ተከታይ ነው።

መለኪያው

በኦገስት 2025 ላይተን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የኖርዝቮልትን ንብረት ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ፋብሪካው እንደገና ቢንቀሳቀስም ዋናው ጥያቄ አይዘጋም። ከተሞቹ እስካሁን ራሳቸውን የለኩት ስንት ሰው መጣ በሚል ቁጥር ነው። የተሻለው መለኪያ የመጀመሪያው አሠሪ ሲወድቅ ሰውየው ወይም ሴትየዋ እዚያው ከተማ ሁለተኛ ሥራ ማግኘት መቻላቸው ነው። ለዚህ ደግሞ ከፈረቃ ሰዓት ጋር የሚሄድ የቋንቋ ትምህርት፣ በአሠሪ ላይ ያልተመሠረተ ቤትና አሠሪ መቀየር የሚፈቅድ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማዘጋጃ ቤቶች ሊያሟሉ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ያለው ስቶክሆልም፣ በፓርላማው እጅ ነው።