የወገብ ህመምና የሥራ ፈቃድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። 

ወገብን አሞኛል ብሎ ከሥራ መቅረት በሸሪዓችን እንዴት ይታያል? ነገሩ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይመለከታል። አንዱ ወገቡ እየተቆረጠ ሰነፍ እንዳይባል ኩንታል የሚሸከመው ነው። ሌላው ለዘመድ ሰርግ ሦስት ቀን ፈልጎ የሐኪም ወረቀት የሚያፈላልገው ነው። የወገብ ህመም በዓይን አይታይምና ሁለተኛው ሰው በዋሸ ቁጥር አንደኛው እውነቱን ተናግሮ የሚያምነው ያጣል።

መልሱን ሁላችንም ከምናውቀው ከሶላት እንጀምር። ዒምራን ኢብኑ ሑሶይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ይዟቸው እንዴት እንደሚሰግዱ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ቡኻሪ እንደዘገቡት የተነገራቸው ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነበር። ልብ እንበል፤ የተነሳላቸው ያልቻሉት ብቻ ነው፤ ሶላቱ ግን አልተነሳም። የፊቅህ ሊቃውንትም የሚቻለው ነገር በማይቻለው ሰበብ አይወድቅም ይላሉ። በእኛ እምነት የሥራ ፈቃድም መለኪያው ይኸው ነው። መሸከም ያቃተው የመጋዘን ሠራተኛ ቆጥሮ መመዝገብ ይችል ይሆናል፤ አለቃው ይህን ቢያመቻችለት ሁለቱም ይጠቀማሉ። ጭራሽ ያልቻለ ደግሞ ይረፍ፤ አያፍርበትም። በጤናው ጊዜ ይሠራው የነበረ መልካም ሥራ ሲታመምም እንደሚጻፍለት በሐዲስ ተነግሮናል።

ሐኪሞችም የሚመክሩት ከዚህ አይርቅም። ለአብዛኛው የወገብ ህመም ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይደገፍም፤ በአቅም መንቀሳቀስ ይሻላል፣ ብዙው ሰውም በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። ነገር ግን እግር ከዛለ፣ በጭንና ጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ህመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በወጌሻ እሽት አይድንም።

የአገራችን ሕግም መብት ሰጥቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ሠራተኛው በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።) እንግዲህ በገንዘብ የተገዛ ወረቀት የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ለእነዚያ ቀናት የተከፈለውንም ደመወዝ ሐላል ነው ለማለት አንደፍርም። ጸጸቱ የመጣበት ሰው ከተውበቱ ጋር ገንዘቡን ለባለቤቱ ይመልስ።

ይህ ሁሉ ግን ደመወዝ ላለው ነው። በየገበያው በቀን የሚሸከመው ወንድማችን አንድ ቀን ከተኛ የዚያን ቀን ራት የለም። የሰፈር ጀማዓ ይህን ሰው ከመስጊድ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ከገበያ ሲቀርም ሊያስታውሰው ይገባል፤ ለዕለት ጉርሱ ከቸገረው የዘካ ባለመብት ነውና።

ፈቃድ የሚሰጣት አለቃ የሌላትስ? ጀሪካን ተሸክማ፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል እናት ወገቤን ስትል ብዙ ቤት ውስጥ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። አባወራው ሆይ፣ ውሃውን ልጆች በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍለው ያምጡ፤ ሊጡን ሌላ ሰው ያቡካ፤ እንጀራው ለሁለት ሳምንት ከሱቅ ቢገዛም ይገዛ። ወላሁ አዕለም።